ተራው ይድረሰው፦ ለጅማ ከተማ እድሮችና አፎሻዎች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ በጅማ ከተማ የምትገኙ የእድርና የአፎሻ ዳኞች፣ ጸሐፊዎች፣ ገንዘብ ያዦችና ጡሩንባ ነፊዎች፤

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ ለከተማው አስተዳደር ወይም ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ጻፊው ብለው የመከሩኝ አሉ። ለእነሱም የምለው አላጣም። ይህኛውን ግን ለእናንተ ያደረግሁት፣ በእኛ አገር ሰው ከሰው መቆጠሩ የሚታወቀው በእናንተ መዝገብ ስለሆነ ነው። ቀበሌ መታወቂያ ይሰጣል፤ የሚቀብረን ግን እድራችን፣ አፎሻችን ነው።

ጉዳዬ የወንድሜ ጉዳይ ነው። 26 ዓመቱ ነው፤ ዳውን ሲንድሮም ያለው ሰው ነው፤ አብሮት የተወለደ፣ ትምህርትና ንግግርን የሚያዘገይ ሁኔታ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ትደርሱበታላችሁ። ሰፈሩ «አቡሽ» ይለዋል። ጢሙን መላጨት ከጀመረ ስንት ዘመኑ፣ አቡሽነቱ ግን አልለቀቀውም።

እናታችን ባለፈው ክረምት አረፈች። እድራችን እንደ ደንቡ ሁሉን አደረገ፤ አንድም የጎደለ ነገር አልነበረም፤ እግዜር ይስጥልን። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ድንኳኑ ሲተከል ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጥ ነበር። ወንዶቹ አግዳሚ ወንበሮቹን ከዕቃ ቤት እየተሸከሙ ሲመጡ ወንድሜ ሄዶ የአንዱን ጫፍ ያዘ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ እጁን ቀስ አድርጎ አላቀቀውና «አንተ ግባ፣ እረፍ» አለው። ሴቶቹ ተቀብለው ወደ ጓዳ አስገቡት። ለቅሶ አይቶ እንዳይረበሽ ነው። ብስኩት ሰጡት። እናቱ የሞተችበት ጎልማሳ ጓዳ ውስጥ ብስኩት ይዞ ተቀመጠ፤ ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ እማዬን በሕይወቷ ሁለቴ ያላዩዋት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር።

ማታ ገብቼ ሳየው ብስኩቱን አልነካውም። «እማዬ ሞታለች» አለኝ። መጠየቁ አልነበረም፤ እኔ ያልሰማሁ መስሎት እያረዳኝ ነበር። ቀጥሎ «እኔ ወንበር እሸከማለሁ» አለ።

አባታችን ቀድሞ ስላረፈ የእድሩ አባል እማዬ ነበረች። እኔ አግብቼ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ የምኖርበት ሰፈር እድር አባል ነኝ። እናቴ ቤት የቀሩት ወንድሜና አንዲት አሮጊት አክስታችን ናቸው። ስለዚህ ከአርባዋ በኋላ የወሩ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ የእማዬ አባልነት በወንድሜ ስም እንዲዛወር ጠየቅሁ። መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ከዚያ «እንዴት ብሎ? ደንቡ አባል ተራው ሲደርስ ይወጣል ይላል፤ እሱን ማን ተራ ያስወጣዋል? ባንቺ ስም ይሁንና እሱ በጥገኝነት ይያዝ» ተባለ። ፊቴ ሲለዋወጥ ያዩ አንድ ሽማግሌ ሊያጽናኑኝ ፈልገው «አይዞሽ ልጄ፣ እሱን መቅበር የእኛ ፋንታ ነው» አሉኝ። ከልባቸው ነው። እኔ ግን እንዲቀብሩት አልነበረም የጠየቅሁት፤ አብሯቸው እንዲቀብር ነው።

በዚያው ስብሰባ አንድ አባት «ይኼ ነገር ይተላለፋል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። አንዳንዶች ሳቁባቸው። እኔ አልሳቅሁም፤ ሌላው በልቡ የያዘውን እሳቸው በአፋቸው አወጡት እንጂ። ያን ዕለት ተደናግጬ በቅጡ አልመለስሁላቸውም፤ አሁን ልመልስ።

አይተላለፍም። የሰው ገላ ከትናንሽ ሴሎች የተሠራ ነው፤ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ክሮሞዞም የሚባሉ የዘር ክሮች አሉ፤ 23 ከእናት፣ 23 ከአባት፣ ባጠቃላይ 46። ወንድሜ 47 አለው። 21ኛው ክሮሞዞም ለሌሎቻችን ሁለት ሲሆን ለእሱ ሦስት ነው፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚከሰተው የእናት እንቁላል ወይም የአባት ዘር ሲዘጋጅ ክሮቹ እኩል ሳይከፈሉ ሲቀሩ ነው፤ ከፅንሱ በፊት ያለቀ ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል። እናት በእርግዝናዋ ያየችው፣ የበላችው፣ የተጣላችው ሰው፣ ቡዳ፣ የአያት እርግማን የሉበትም። በዘር የሚወረሰውም ከጥቂቶቹ በስተቀር አይደለም። ሁኔታውን መጀመሪያ በጽሑፍ ያብራራው ላንግደን ዳውን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1866፤ ስሙም ከእሱ የመጣ ነው። ምክንያቱ ክሮሞዞሟ መሆኗ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1959 ፈረንሳይ አገር ነው። በመካከሉ ባሉት ከ90 በላይ ዓመታት ስንት እናት በማታውቀው ኃጢአት ራሷን ስትቀጣ እንደኖረች አስቡት። የእኔም እናት፣ መልሱ ከተገኘ ከስንት ዘመን በኋላ ወልዳ፣ እንደዚያው ስትቀጣ ነው የኖረችው።

እማዬ እሱን ስትወልድ 42 ዓመቷ ነበር። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ዕድሉ ከፍ ማለቱ እውነት ነው፤ ግን ብዙውን ልጅ የሚወልዱት ወጣቶች ስለሆኑ የእነዚህ ልጆች እናቶችም በብዛት ወጣቶች ናቸው። በዓለም ላይ ከ1,000 ልጆች ወደ አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል፤ ሀብታም ደሃ፣ ሙስሊም ክርስቲያን ብሎ አይመርጥም። ጅማን የሚያህል ከተማ ውስጥ ስንት እንደሚሆኑ በጣታችሁ ቁጠሩና የምታውቋቸውን ደግሞ ቁጠሩ። የቀሩት የት አሉ?

የት እንዳሉ አንዱን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰፈራችንን ቤት ለቤት ሊጠይቁ መጡ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እያወጣ ማስተማሩ የታወቀ ስለሆነ ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ገና ሲገቡ ቡና ይቀርብላቸዋል። መንገድ የማሳያቸው እኔ ነበርሁ። አንድ ቤት ገብተን «በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» ሲሉ እናቲቱ «አራት» አለች። ተጻፈ። ቡናችንን ጠጥተን ስንወጣ ከጓዳ የልጅ ሳቅ ሰማሁ። አራቱ ሁሉ ግን ፊታችን ተቀምጠው ነበር። አምስተኛዋን ያየኋት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ዓይኖቿ ልክ እንደ ወንድሜ። በእናቲቱ አልፈርድም፤ የልጅቷ እህቶች ትዳር እንዳይበላሽ ብላ ነው፤ የሰፈሩን አፍ ፈርታ ነው። የሰፈር አፍ ደግሞ እኛ ነን።

ወደ እድሩ ልመለስ። ወንድሜ ሲወለድ አንድ የጤና ባለሙያ እናቴን «አያድግልሽም፣ ብዙ አትድከሚ» ብሏት ነበር። እኔ 12 ዓመቴ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። በድሮው ልማድ ቢሆን ያለው ሁሉ ሐሰት አልነበረም። እነዚህ ልጆች ሲወለዱ ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይመጣሉ። ለወንድሜ ትንሽ ቀዳዳ ነበር፤ በራሱ ጊዜ ተዘጋ። የማይዘጋላቸው አሉ፤ ለብዙዎቹ መንገዱ አዲስ አበባ ነው፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ደግሞ ወረፋ። (እግረ መንገዴን ለእድር እናቶች፦ ጡት ሲጠባ ቶሎ የሚደክመው፣ የሚያልበውና ከንፈሩ የሚጠቁር ሕፃን ካያችሁ «አራስ ቤት ነው፣ ይለፈው» አትበሉ፤ ልቡ ይታይ በሉ። ጆሮ፣ ዓይንና የእንቅርት ዕጢም እንዲሁ መታየት ያለባቸው ናቸው። መስማት የተሳነውን ልጅ ስንት ጊዜ «አይገባውም» ብለናል።)

አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል። አሜሪካን አገር እ.ኤ.አ. በ1983 ዳውን ሲንድሮም ያለው ሰው በአማካይ የሚኖረው 25 ዓመት ያህል ነበር፤ ዛሬ ወደ 60 ደርሷል። የተለወጠው ክሮሞዞማቸው አይደለም፤ ልባቸው መታከሙና ከታጎሩበት ተቋም ወጥተው ቤተሰባቸው ጋር መኖራቸው ነው። እኛ ጋ እዚያ አልደረሰም፤ ወንድሜ ግን ይኸው 26 ሞልቶታል፣ ጤነኛ ነው። ማለትም ከወላጆቹ በኋላ ይኖራል። ደንባችሁ የተጻፈው እንዲህ ያለ ልጅ ከእናቱ ቀድሞ ይሞታል በተባለበት ዘመን ነው። ስለዚህ አባል የሆነች እናቱ ስትሞት የእሱ ቦታ የት እንደሚሆን አንድም አንቀጽ የለውም።

ተራ ይወጣል ወይ ለሚለው።

ወንድሜ ትምህርቱን ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠው፤ «ሌሎቹን ያውካል» ተብሎ። ያንን ታሪክ ከጀመርሁት ደብዳቤው አያልቅም። ሃያ ሲሞላው አንድ የእናቴ የሩቅ ዘመድ እንጨት ሥራ ቤቱ አስገባው። ጅማ ላይ እንጨት ሥራ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ ባለ ሦስት እግር በርጩማችንን አገር ያውቀዋል። የወንድሜ ድርሻ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በመካከለኛው፣ መጨረሻ በለስላሳው። ይህን ቅደም ተከተል ለመያዝ ሦስት ወር ፈጅቶበታል፤ እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። ለስላሳውን አስቀድሞ እየጀመረ ወረቀት ይጨርስ ነበር። ከዚያ ጋሼ፣ ባለቤቱን እንዲያ ነው የምንለው፣ የወረቀቶቹን ጀርባ ቀለም ቀባቸው፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ልክ እንደ ትራፊክ መብራት፣ ቀይ ላይ ቆመህ ጀምር አለው። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳተም።

ሲጨርስ በእጁ አይደለም የሚፈትሸው። ጎንበስ ይልና ጉንጩን በርጩማው ላይ ያስነካዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ ወይ ወደ ቫርኒሹ ያሳልፈዋል፣ ወይ «ገና» ብሎ ይመልሰዋል። ጋሼ «እኔ በዓይኔ አልቋል ያልሁትን እሱ በጉንጩ ይመልስብኛል» ይላል፤ ሲያማርር ነው ሲኮራ ለመለየት ያስቸግራል። ክፍያው በየሳምንቱ ነው። ገንዘብ መቁጠር ይከብደዋል፤ መልስ ሲሰጡት ያታልሉታል፣ ይህንንም አልደብቅም። ከደመወዙ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ቡና ነው፤ ለእማዬ ነበር፤ አሁንም ይገዛል፣ አክስታችን ታፈላለች።

መልአክ አድርጋችሁ እንዳትስሉት እለምናችኋለሁ። «ጅል» የሚሉትን ተጣልቼ አፋቸውን አዘግቻለሁ፤ «የእግዜር ልጅ፣ ኃጢአት የማያውቅ» የሚሉትን ግን ምን ላድርጋቸው? ኃጢአት ያውቃል። ስኳር ሰርቆ ይበላል፤ ካርታ ሲጫወት ያጭበረብራል፤ ሲናደድ ለሁለት ቀን አያናግረኝም። መልአክ የእድር መዋጮ አይከፍልም። እሱ ግን ሊከፍል ይፈልጋል።

ደግሞ አብሮ መሆን ጅማ የማታውቀው ነገር አይደለም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድ ከተማው እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ወንድሜ 18 ዓመቱ ነበር፤ ከሰፈር ልጆች ጋር ወጥቶ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ፤ የማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ ተሸክሞት አየሁ። ያን ቀን ማንም «ግባ፣ እንዳትረበሽ» አላለውም። ለደስታ የሆነ ሰው ለሐዘን እንዴት አይሆንም?

በየዓመቱ መጋቢት 12 የዓለም ዳውን ሲንድሮም ቀን ይከበራል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያከብረዋል። በፈረንጆቹ የሦስተኛው ወር 21ኛ ቀን ነው፤ ሦስት የሆነውን 21ኛ ክሮሞዞም ለማስታወስ። በዚያ ቀን የግራና የቀኙ የማይመሳሰል ካልሲ ማድረግ ልማድ ሆኗል። ደስ ይላል፤ ጅማ ጭቃ ላይ ግን ካልሲ ማን ያያል? አዲስ አበባ አቶ አባዱላ ገመዳ በልጃቸው ስም ያቋቋሙት ዲቦራ ፋውንዴሽን አለ፤ አንድ አፈ ጉባኤ የነበረ ሰው ልጄ እንዲህ ናት ብሎ አደባባይ መውጣቱ ብዙ ወላጅ ከጓዳ አውጥቷል ብዬ አምናለሁ። ሕግም አለን፤ አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 19 ሰው በኅብረተሰቡ ውስጥ ተካቶ የመኖር መብት አለው ይላል። ይህን ይዤ ልከሳችሁ አልመጣሁም። ከእድር ጋር ተካስሶ ማን ይቀብረዋል?

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ዕድሜያቸው ለአባልነት የደረሰ፣ የራሳቸው ጎጆ ያላቸው ወይም ከወላጅ ሞት በኋላ ቤት ይዘው የቀሩ እንደ ወንድሜ ያሉ ሰዎች ከፈለጉ በገዛ ስማቸው ይመዝገቡ። መፈለጋቸውን ከእህት ከወንድም ሳይሆን ከራሳቸው ጠይቁ፤ መልሱ ቀስ ብሎ ይመጣልና ጠብቁት። ተራ ሲወጡ ከአንድ አባል ጋር አጣምሯቸው። ነገሩን በአንድ ጊዜ ደርድራችሁ አትንገሯቸው፤ አንዱን አሳዩአቸው፣ ሲጨርሱ ቀጣዩን። ወንበር፣ ትሪ፣ ብርጭቆ፣ ውሃ፣ የድንኳን ገመድ መያዝ ይችላሉ። ጭንቅላታቸው ላይ ከባድ ነገር ግን አትጫኑባቸው፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ የአንገታቸው መገጣጠሚያ ላላ ያለ ስለሆነ አደጋ አለው። የራሳቸው ሰው ሲሞት ጓዳ አታስገቧቸው፤ ከሐዘንተኛው ጋር ፊት ለፊት ይቀመጡ፣ ይልቀሱ፣ እዝን ይቅረብላቸው። የቤተሰብ ዝርዝር ስትመዘግቡም «ሌላስ አለ?» ብላችሁ ሁለተኛ ጠይቁ፤ በዚያ በአራት ሰው ቤት አንድ ሰው «ሌላስ?» ብሎ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ሁለት ዓመት ቀድማ ፀሐይ ታይ ነበር።

ያለ በቂ ምክንያት ተራው ቀን ከቀረ ደግሞ ቅጡት። ይህን ሳነብለት ባለቤቴ ሳቀ፤ እኔ ግን የምሬን ነው። ደንባችሁ ላይ ያለው ቅጣት ለእሱም ይሁን። በጅማ እድር የማይቀጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ሕፃንና የሞተ። ወንድሜ ሁለቱንም አይደለም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከእማዬ አርባ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ቅዳሜ፣ ልጠይቃቸው ብሄድ ወንድሜ ቤት የለም። አክስቴ «የብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ ወጣ» አለችኝ። ሥራ ቤት ሄድሁ፤ ዝግ ነው። ስፈልገው ስፈልገው የእድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ ላይ አገኘሁት። ጥበቃው ከፍቶለታል። አንዱን አግዳሚ ወንበር ገልብጦ ጉልበቱ መሃል ይዞ ጠርዙን ያለሰልሳል፤ ቀዩ ወረቀት በእጁ ነው፣ ቢጫውና አረንጓዴው ድንጋይ ተጭኖባቸው አጠገቡ ተደርድረዋል። ለካስ በለቅሶው ቀን ያን ወንበር ሲይዝ ስንጥር ገብቶበታል። መዳፉን ገልብጦ ጠባሳውን አሳየኝ። «ሰው ይወጋል» አለኝ፣ ወንበሩን እየጠቆመ፤ መልሶም ሥራውን ቀጠለ። ጀንበር ስትጠልቅ ሦስቱን ጨርሶ ነበር። ወንበሮቹ አርባ ናቸው።

ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ እሱን ይዤ እመጣለሁ፤ የመጀመሪያ መዋጮውን ከገዛ ደመወዙ ለይቶ አስቀምጧል። ስሙን እዚህ ያልጻፍሁት መጀመሪያ በእናንተ መዝገብ ላይ እንዲጻፍ ብዬ ነው። አባታችን ያወጣለት ስም ነው፤ ራሱ ይጽፈዋል፤ አራት ፊደል ነው። ሦስተኛዋ ትንሽ ታስቸግረዋለች፤ ጸሐፊያችን እባክዎ ደብተሩን ቶሎ አይሳቡበት።

ከአክብሮት ጋር
እህቱ፣ ከጅማ